ኮቱ ሲወልቅ

በመጋቢት ወር ገንዳ ውኃ ላይ ኮት ለብሶ ስብሰባ የሚገባ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ትናንት ከደጋ የወረደ ነው፣ ወይ ከኮቱ ሥር ያለውን ሸሚዝ አሳምሮ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው አያስቸግርም። እስከ ምሳ ሰዓት በወኔ ይቆያል፣ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ በማግስቱ ኮት የሚባል ነገር መፈጠሩንም ይረሳል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ቆላ ከገባ ዓመታት አልፈውታል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ቀጥ እንደሚልም ያውቃል። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ተነሥቶ ወደ ኮሌታው ሲወርድ ይሰማዋል። ግን አያወልቅም። ለምን ቢሉ፣ ጠዋት የተተኮሰው የሸሚዙ ፊትና ኮሌታ ብቻ ነው። እጅጌው ከገመድ ላይ እንደወረደ ተጨማዷል። ጀርባው ላይ ያለፈው ሳምንት ጨው አለ። የአንደኛው ብብት ስፌት ደግሞ ከሄደ ሰንብቷል።

ኮት ማውለቅ በእኛ ዘንድ ማዕረግ አለው። ሰብሳቢው ሳያወልቅ ምክትሉ አያወልቅም፤ ምክትሉ ሳያወልቅ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው አያስበውም። ሁሉም የሰብሳቢውን ትከሻ ያያል፤ ሰብሳቢው ደግሞ የገዛ ራሱን ሸሚዝ እያሰበ ነው። እንዲህ ስንተያይ ስለ መኸር ዝግጅት የተጠራው ስብሰባ ያልቃል። አንዳንድ አጀንዳ ያለ ክርክር በሙሉ ድምፅ የሚያልፈው ለምን እንደሆነ የሚያጠና ሰው ካለ፣ ከዚህ ይጀምር።

ይህ ሁሉ ሱፍ ከየት መጣ ለሚል፣ በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር በሦስት ዞን ሲከፈል ገንዳ ውኃ የምዕራብ ጎንደር ዋና ከተማ ሆነች። ዞን ሲመጣ መምሪያ ይመጣል፤ መምሪያ ሲመጣ ኃላፊ ይመጣል፤ ኃላፊ ደግሞ ያለ ሱፍ አይመጣም። የሰሊጡ ነጋዴም ቢሆን ጥር ላይ ልጁን ሲድር ሱፍ ያሰፋል። ስለዚህ ቆላችን ሱፍ አላነሰውም። ያነሰው ሸሚዝ ነው።

ነገሩን በመንገዱ ላይ ማየት ይቻላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 እንኳ አትሞላም። አዘዞ ላይ መኪና ስትሳፈሩ ሱፉ በሙሉ ክብሩ ነው። አይከል ስትደርሱ እንዲያውም ብርድ ቢጤ አለና ኮታችሁን ትቆልፋላችሁ። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር አንድ ቁልፍ ይፈታል። ትንሽ ቆይቶ ከረባቱ ኪስ ይገባል፣ ኮቱ ጉልበት ላይ ይታጠፋል፣ ሰደርያ ደርቦ የመጣ ጀብደኛ ካለ ሰደርያውን በመስኮት ሊወረውረው ይዳዳዋል። ገንዳ ውኃ መናኸሪያ የሚወርደው ሸሚዝና ሱሪ ነው። ኮኪትን አልፋችሁ ድንበሩ ዘንድ እስክትደርሱማ ሱሪውንም በጥርጣሬ ማየት ትጀምራላችሁ።

ታዲያ ጎንደር ላይ ገንዘቡን ያፈሰስነው በየትኛው ላይ ነው? ለሱፉ ጨርቅ መርጠናል፣ ገበሩን ዳሰናል፣ ተለክተን ተመልሰን ሞክረናል፣ «ትከሻው ትንሽ ይግባ» ብለን ከሰፊው ጋር ተከራክረናል። ሸሚዙን ግን ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» እያለ ሲጮህ መናኸሪያ አጠገብ ከተከመረ ሳልባጅ ላይ መንጭቀን ነው የተሳፈርነው።

ሳልባጅን አልንቅም። ለንግድ ማስገባቱ ክልክል ነው፤ ሸሚዙ ግን ክልክልነቱን ስለማያውቅ ኬላውን አልፎ ይመጣል። ችግሩ ጌታው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ሩቅ አገር የኖረ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ክንዱ የረዘመ ሰውዬ ነው። እጅጌው ጣታችንን ይውጣል፤ እናጥፈዋለን። አንገቱ ሁለት ሰው ያስገባል፤ በከረባት እናንቀዋለን። ትከሻው ክንዳችን ላይ ይንጠለጠላል፤ ኮት እንደርብበታለን። ይኸውና ኮቱ ለምን እንደማይወልቅ ሁለተኛው ምክንያት።

አዲስ የምንለውስ? በላስቲክ የታሸገ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት፣ አንገቱ በካርቶን ቀጥ ብሎ የቆመ ሸሚዝ እንገዛለን። ካርቶኑ ሲወጣ አንገቱም አብሮ ይወጣል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ቴትሮን ወይም ከዚያ የባሰ ንጹሕ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ክር ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጡት ነገር ነው። አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለእንግሊዝ አገር ዝናብ ሳይበጅ አልቀረም። ለመተማ ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ጥጥ በተራ አየር ውስጥ ተሰቅሎ እንኳ ከክብደቱ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ከመቶ አንድ እጅም አይይዝም። ጥጥ ላብን ይጠጣል፣ ለነፋስ ያቀብላል፣ ነፋሱ ሲያደርቀው ቆዳ ይቀዘቅዛል። ፖሊስተር ላብን በር ላይ ያቆመዋል። ላቡም ተመልሶ የመጣበት ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ ከሱሪው መታጠቂያ ጋር እስኪገናኝም ይወርዳል።

የሚያስቀው፣ ወይም የሚያናድደው፣ ይህ የሚሆነው ጥጥ በሚበቅልበት አገር ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. እዚሁ ድንበር ደርሶ ገበያውን ሲያይ ከሐበሻ ወርዶ ከሚሸጠው መካከል ጥጥ፣ ቡናና ሰም መኖሩን ጽፏል። ጥጡ ዛሬም ከሰሊጡና ከማሽላው ጎን ይዘራል፤ ሳሉጉ፣ ለአዝመራ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ወገቡን ሰብሮ ይለቅመዋል። የለበሰው ካናቴራ ግን የነዳጅ ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የቆመ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለን፤ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ የተሠራ። ሐዋሳ ላይ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የእኛው ልጆች ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ ሰፍተዋል። በ2014 ዓ.ም. አገሪቱ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትሰረዝ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን ዘግቶ ሄደ። ከሐዋሳ ወጥቶ፣ አሜሪካ ላይ ተለብሶ፣ በሱዳን ዞሮ መተማ በሳልባጅ የገባ ሸሚዝ አለ ብዬ አልምልም። የለም ብዬም አልምልም።

በሰሊጥ ላይ እንዲህ አንቀልድም። የምርት ገበያው መጋዘን በር ላይ ናሙና ይወሰድለታል፣ ባዕድ ነገሩ ይለካል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፤ «ሁመራ ጎንደር» የሚባል የዓይነት ስምም አለው። ከኩንታል ሰሊጥ ውስጥ አንዲት ጠጠር ለቅሞ የሚያወጣ ነጋዴ፣ የሽያጩን ገንዘብ ተቀብሎ ሲወጣ ሸሚዝ ሳይዳስስ ይገዛል።

ለነገሩ ሸሚዝን የኮት አሽከር ያደረግነው እኛ አይደለንም። አውሮፓ ውስጥ ረጅም ዘመን ሸሚዝ የውስጥ ልብስ ነበር። እንደ እኛ እጀ ጠባብ ከአንገት የሚጠለቅ፣ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ የማያውቀው። ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውን አንድ የለንደን ልብስ ሰፊ ቤት እ.ኤ.አ. በ1871 አስመዘገበ ይባላል። ጨዋ ሰው በእመቤቶች ፊት ኮቱን ማውለቁ ነውር የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የውስጥ ልብሱን ማሳየት ነበራ! ያ ሕግ ለንደን ላይ ከተቀበረ ቆይቷል፤ ገንዳ ውኃ ላይ ግን ደመወዝ እየተከፈለው በሕይወት አለ።

እኛማ ሌላ ታሪክ ነበረን። ከእኛ ወደ ደቡብ ያለው ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። በእሳቸው ዘመን ከንጉሥ እጅ የሐር ቀሚስ መቀበል ለጦር አለቃም ለመኳንንትም ትልቅ ክብር ነበር፤ የተሸለመው ከላይ የሚደርብበት ኮት አላስፈለገውም። የሚታየው፣ የሚያስከብረው፣ የሚያስቀናውም ያው ገላ ላይ ያረፈው ልብስ ነበር። ከዚያ ተነሥተን ፊቱ ብቻ የተተኮሰ ሸሚዝ ላይ መድረሳችንን ሳስብ ነው ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄድኩት።

ሽማግሌ ናቸው። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ በእግር የምትዘወር ሲንጀር አላቸው፤ ሜትር ከአንገታቸው አይወርድም።

«ጋሼ፣ ሸሚዝ ላሰፋ ነበር።»

መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው አዩኝ። «ልትሞሸር ነው?»

«ኧረ አግብቻለሁ።»

«ልትድር ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?»

አልፈርድባቸውም። እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ማሳጠር ነው፣ ማጥበብ ነው፣ ዚፕ መቀየር ነው፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሰው ያለ ምክንያት ሸሚዝ ሲያሰፋ ያዩት ድሮ ነው። ነገሩ እውነት መሆኑን ሲረዱ ግን ተቀየሩ፤ ተነሥተው ወንበሩን ጠረጉልኝ።

መጀመሪያ ያሉኝ ስለ ጨርቁ ነበር። ንጹሕ የጥጥ ፖፕሊን ፈልግ፤ ስትገዛ ጨርቁን በጡጫህ ጨብጠህ ልቀቀው፤ ምንም ካልተጨማደደ ጥጥ አይደለም፣ ይዘኸው እንዳትመጣ። ከመቆረጡ በፊት ውኃ ይጠጣል። ሳይነከር የተቆረጠ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ያኔ ሸሚዙ ለልጅህ ይሆናል። ልጁ ሳይጠይቅ።

ከዚያ ልክ። አንገቴን ሲለኩ ሁለት ጣታቸውን በሜትሩና በአንገቴ መሃል አስገቡ። «ተቆልፎ ሁለት ጣት ካላስገባ ያንቅሃል፤ አራት ካስገባ የሌላ ሰው ነው» አሉኝ። የትከሻው ስፌት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። እጅጌው እጅ ሲወርድ አውራ ጣት ሥር ይደርሳል፤ የግራው ጫፍ ሰዓት ስለምታስር ትንሽ ይሰፋል። ቀጥለው መኪና ላይ ቆሜ እንደምሄድ እጄን ወደ ላይ እንድሰቅል አዘዙኝና የጀርባዬን ርዝመት ለኩ። በየስብሰባው እጁን አውጥቶ አስተያየት የሰጠ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሸሚዙን ወደ ሱሪው የሚያስገባበት ምክንያት ያኔ ገባኝ፤ ርዝመቱ የተለካው እጁ ወርዶ ነው። ከተለካም ማለቴ ነው።

የጎን ስፌቱ ተጣጥፎ ሁለት ጊዜ እንዲሰፋ ተስማማን። በብብት የሚተረተረው በኦቨርሎክ ብቻ ተይዞ የሚተወው ነው። ቁልፍ ላይ ርካሽ እንዳልገዛ ለመኑኝ፤ ካውያ ሲያልፍበት የሚቀልጥ ቁልፍ እንዳለ በመተኮስ የተፈተነ ሁሉ ያውቃል። ስለ ኮሌታ ግን ስብከት ነበር። በኮሌታው መሃል የሚገባው ጠንካራ ጨርቅ በሙጫ የሚለጠፍም በስፌት የሚያዝም አለ። የተለጠፈው ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ጥቂት ሲታጠብ ሙጫው ይለቅና ኮሌታው ያብጣል። የተሰፋው መጀመሪያ ትንሽ ሸካራ ነው፤ ሲታጠብ ግን ለባለቤቱ ይገዛል።

«ትርፍ ጨርቅም ግዛ፤ ከሸሚዝ መጀመሪያ የሚሞተው ኮሌታው ነው» አሉ።

ይህን እውነት ቀድማ ያወቀች አንዲት አሜሪካዊት አለች ይባላል። በኒውዮርክ ግዛት ትሮይ በምትባል ከተማ ሐና ሎርድ ሞንታግ የባሏን ሸሚዝ ኮሌታው ብቻ ቆሽሾ ሙሉውን ማጠብ ቢሰለቻት፣ እ.ኤ.አ. በ1827 ኮሌታውን በመቀስ ቆርጣ ለብቻው አጠበችው፤ ከዚያ ከተማው የኮሌታ ፋብሪካዎች ከተማ ሆነ። የእኛ ሰፊዎች ደግሞ ሌላ መላ ነበራቸው፤ ኮሌታ መገልበጥ። የተበላው ፊት ተፈትቶ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ያልተነካው ይወጣል፣ ሸሚዙም ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ኮሌታ የሚያስገለብጡ ትልልቅ መምህራን ነበሩ፤ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ዛሬ የሚያስገለብጥ የለም፤ የሚገለበጥ ኮሌታ ያለው ሸሚዝም እንዲሁ።

ቀለም ላይ ተከራክረን እሳቸው አሸነፉኝ። እኔ አቧራውንና ዋልካውን ፈርቼ ጥቁር ፈልጌ ነበር። ጥቁር አቧራ ይደብቃል፤ ጨው ግን አይደብቅም። ላቡ ሲደርቅ ጀርባ ላይ የጓንግንና የሽንፋን ወንዝ ከነገባሮቻቸው የሚያሳይ ካርታ ይቀራል። ሰማያዊው ደግሞ ሲረጥብ ይጠቁርና ብብትህን ለአገር ያሳውቃል። ነጭ ሁለቱንም ይሸሽጋል፤ ከታጠበ። እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶችም ለወንደላጤዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ብብቱ ቢጫ ሲሆን በረኪና አታፍስሱበት፤ ይብሱን ያበጫዋል። ቢጫውን የሚያመጣው ላብ ብቻ አይደለም፤ ላብ እንዳይወጣ የምንቀባው ነገር ውስጥ ያለው አልሙኒየም ከላቡ ጋር ሲዋሃድ ነው።

«ለምን ጀለብያ አትለብስም?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ሱዳኖቹ ይህን ሁሉ ስብከት በአንድ ልብስ ጨርሰውታል፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ነፋስ ከታች ገብቶ በአንገት የሚወጣበት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ የወደቁት ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። የእነዚያ የማህዲ ተከታዮች ዘሮች እስከ ዛሬ የሚለብሱት አንድ ዓይነት ጀለብያ አለ፤ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው፣ ኪሱ በሁለቱም በኩል ነው። የጦርነት ጥሪ ሲመጣ ፊቱ የቱ ነው ሳይሉ በጥድፊያ እንዲያጠልቁት ነው ይባላል። እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያስደንቃል። ግን ጀለብያ ለብሼ ቢሮ ብገባ፣ ከሰው ሀብት እስከ ጥበቃ ድረስ ያለው ሁሉ ስለ እኔ ልዩ ስብሰባ ይጠራል፤ ስብሰባው ላይ ደግሞ ኮት ይለበሳል።

ስለዚህ ሦስት ነጭ ሸሚዝ አሰፋሁ። «ቅዳሜ ና» የሚባለውን ቃል ልብስ ሰፊ ያለው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ዋጋው ግን ከፈራሁት ያነሰ ነበር፤ ጥር ላይ ለአንድ ቀን ከምለብሰው ሱፍ ዋጋ አንጻር ሲታይ የገበሩ ያህል ቢሆን ነው። የሳልባጆቹን ቁልል ሚስቴ ወለል መጥረጊያ አደረገችው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢውን ሳልጠብቅ ኮት ሳልይዝ ገባሁ፤ ሁለት ሰዎች ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከሠፈር ነው። ሦስቱም ሸሚዞች ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው፤ ልካቸው አንድ፣ ቁልፋቸው አንድ፣ ንጣታቸው አንድ። ሰኞ ይህን፣ ማክሰኞ ያንን፣ ረቡዕ ሦስተኛውን እለብሳለሁ። ሠፈሩ የሚያየው ግን አንዲት ሸሚዝ ነው። በሳልባጅ ዘመኔ ዛሬ ባለ መስመር፣ ነገ ባለ አበባ፣ ከነገ ወዲያ «ሮበርት» የሚል ጥልፍ ደረቱ ላይ ያለበት ስለብስ እንደ ባለሀብት ይቆጥረኝ ነበር። አሁን ድህነቴ ተወራ። ጎረቤታችን እትዬ ቡና ላይ ሚስቴን ጠጋ ብለው፣ «ደመወዙን ምን እያደረገው ነው? ሌላ ቤት ይዞ እንዳይሆን» አሏት።

ሚስቴ «አንዱን ቀለም አስነክረው» አለች። ያ ሁሉ ክርክር ተደርጎ! እኔ ጋሼ ዘንድ ተመልሼ ከአንደኛው ላይ ኪሱን አስፈታሁ፤ ኪስ ያለውና የሌለው ሲታይ ሁለት ሸሚዝ መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ። ሽማግሌው እየሳቁ ፈቱት፤ ምልክቱም እንዳይታይ አድርገው ተኮሱልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለብሼው ስወጣ እትዬ በራቸው ላይ ነበሩ። ደረቴን አዩት፣ ጠጋ ብለው እንደገና አዩት፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አዬ የኔ ልጅ» አሉ፤ «ኪሷንም ሸጥካት?»